ልጁ ከተሳሳተ በኋላስ?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኳስ የሚታይበት ቤት ገብታችሁ ስለ ከተማዋ ክለብ ስለ ፋሲል ከነማ ወሬ ካነሳችሁ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «የራሳችን ታዳጊዎች የት ገቡ?» መልሱም የታወቀ ነው። አሰልጣኙ ፈሪ ነው፣ ልጅ አያምንም። እኔ በዚህ ወቀሳ ሙሉ በሙሉ አልስማማም።

ታዳጊን አንድ ቀን ማስገባት ከባድ አይደለም። 3 ለ 0 እየመራህ 88ኛው ደቂቃ ላይ ማንንም ታስገባለህ። ፎቶው ፌስቡክ ላይ «የአካዳሚ ፍሬ» ተብሎ ይለጠፋል፣ ላይክ ይጎርፋል። ፈተናው ሌላ ቀን ነው የሚመጣው። የ19 ዓመቱ ተከላካይ ከኋላ ኳስ ሊያቀብል ሲል ተነጠቀ፣ ጎል ገባ። ልጁ መጀመሪያ የሚያየው ወደ ቤንች ነው። እዚያ ተቀያሪ ሊገባ የማሟሟቂያ ልብሱን እያወለቀ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ ኳስ በመጣለት ቁጥር ወደ ውጭ ይጠልዛል። ላለመሳሳት ብቻ ይጫወታል። በሳምንቱ ከአሰላለፍ ይወጣል፣ በዓመቱ ከክለቡ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1995 ማንቸስተር ዩናይትድ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፍ ተንታኙ አለን ሃንሰን በቢቢሲ «በልጆች ምንም አታሸንፍም» ማለቱን ኳስ ወዳድ ሁሉ ያውቃል። እኔን የሚገርመኝ ከአራት ቀን በኋላ የሆነው ነው። የዩናይትድ አሰልጣኝ ፈርጉሰን ከዌስትሃም ጋር ልጆቹን፣ እነ ስኮልስን፣ መልሶ አሰለፈ። ስኮልስ ጎል አገባ፣ ዩናይትድ 2 ለ 1 አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ጠቀለሉ።

ግን ፈርጉሰን ደፋር ስለነበረ ብቻ አይደለም። ከልጆቹ አጠገብ ልምድ ያላቸው እነ ሽማይክልና ሮይ ኪን ነበሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 መጥቶ የመጀመሪያ ዋንጫውን በ1990 እስኪያነሳ የታገሠው ቦርድ ነበረው። እኛ ጋ አሰልጣኝን አራት ዓመት ቀርቶ አራት ሽንፈት ማን ይታገሠዋል? ወንበሩ የሚነቃነቅበት ሰው በልጅ አይቆምርም። እኔም ብሆን አላደርገውም።

ቸልሲን ደግሞ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ተጫዋች እንዳይገዛ ሲታገድ አሰልጣኙ ላምፓርድ ወጣቶቹን ሜሰን ማውንትን፣ ሪስ ጀምስን፣ ታሚ አብርሃምን አሰለፈ። ምርጫ አልነበረውም። ማውንትና ጀምስ እ.ኤ.አ. በ2021 የቻምፒየንስ ሊጉን ፍጻሜ ተሰልፈው አሸነፉ። ልጆቹ ድሮም የክለቡ ነበሩ። እገዳው የሰጣቸው ደቂቃ ብቻ ነው።

የኛ ችግር ግን ሌላም መልክ አለው። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው። ዐፄዎቹ፣ ማለትም ፋሲል ከነማዎች፣ በዚያው ዓመት በሥዩም ከበደ እየተመሩ ሻምፒዮን ሲሆኑ አንድም የሊግ ጨዋታ ጎንደር ላይ አላደረጉም። ዋናው ቡድን ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ሆቴል ያሳልፋል። ታዳጊው ጎንደር ይቀራል። ታዲያ አሰልጣኙ ልጁን በምን ይወቀው? «ኮች፣ እዚህ አንድ የሚገርም ልጅ አለ» ብሎ በሚደወልለት ስልክ? ልጅን የምታምነው ጠዋት ጠዋት ልምምድ ላይ ስታየው ነው። ሲጮህበት አንገቱን ይደፋል ወይስ ኳስ ይጠይቃል? ትልቁ ተጫዋች ሲገጨው ተነስቶ ይሮጣል? ይህን በቪዲዮ አታየውም።

ሚዛናችንም ልክ አይደለም። በውድ የመጣ አጥቂ አምስት ጨዋታ ጎል ሳያገባ «ገና እየተላመደ ነው» እንላለን። የሰፈራችን ልጅ አንዴ ሲስት «አልበሰለም»። ቦርዱም እንደዚያው ነው። የተገዛው ሲከሽፍ ጥፋቱ የተጫዋቹ ይሆናል፣ ታዳጊው ሲከሽፍ የአሰልጣኙ። እንዲህ ባለ ሒሳብ ማን ነው ታዳጊ የሚያሰልፈው?

ስለዚህ አሰልጣኙን «ልጅ እመን» እያልን ከምንጮህበት ክለቡን እንጠይቅ። ከውድድሩ መጀመሪያ አንስቶ ሁለት ሦስት ታዳጊዎች ከዋናው ቡድን ጋር ይጓዙ፣ ባይሰለፉም አብረው ይለማመዱ። ሆቴል ውስጥ ሁለት አልጋ መጨመር የአንድ ተጫዋች ፊርማ ያህል አያስወጣም። አሰልጣኙ ሲቀጠርም ከነጥብና ከዋንጫ ጎን ለታዳጊዎች የሚሰጠው ደቂቃ ውሉ ላይ ይጻፍ። ዓመቱ ሲያልቅ ሲገመገም፣ በዚያ የተነሳ የጣለው ነጥብ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠርበት ቦርዱ አብሮ ይፈርም።