አህያ ያጣው ድራማ

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአዲስ አበባ ወላጅ ልጁን እንደ ድሮው ሜዳ ላይ አይበትንም፤ እግዜር ይስጠው። ድሮ ክረምት ማለት ብይ፣ ቆርኪ፣ ጭቃና እናት በር ላይ ቆማ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ መጣራት ነበር። ዛሬ የክረምት ኮርስ አለ። ከኮርሶቹም ሁሉ ድራማ ይበልጣል፤ ሒሳብ ቢማር በስልክ የሚቀረጽ ነገር የለውማ።

ልጅህን ለምን ድራማ አስመዘገብክ ብትሉት "ዓይን አፋርነቱ እንዲለቀው" ይላችኋል። ተገቢ ስጋት ነው። ዓይን አፋርነት ከአባት እንደማይወረስ ለማወቅ ግን ሰውየው ከመምህሩ ጋር ሲሟገት አንድ ቀን መስማት ይበቃል።

መምህሩ ምስኪን ነው። ቴአትር ጥበባት ተምሮ የተመረቀ፣ ሕፃን ልጅ ትወናን የሚማረው በጨዋታ ነው ብሎ የሚያምን የዋህ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ድመት ሁኑ፣ ዝናብ ሁኑ፣ የፈላ ጀበና ሁኑ እያለ ያንከባልላቸዋል። አንዲት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እጀታ፣ ሌላውን ዘርግታ መቅጃ ሠርታ፣ በወለቁት ጥርሶቿ መሐል ፍሽሽ እያለች ስትገነፍል ላየ ቡና ያሰኘዋል። ወላጅ ግን ንቁ ነው፤ በዚህ አይታለልም። "ቲቸር፣ እኛ እኮ የከፈልነው እንድትገነፍል አይደለም። እሱንማ ቤትም ትገነፍላለች። የምትናገረውን መቼ ነው የምትሸመድደው?"

ሽምደዳ ባይኖር ይህች አገር ምን ይውጣት ነበር!

ዋናው ጥበብ የታየው ገጸ ባሕርይ ሲደለደል ነው። መምህሩ ብዙዎቻችን በልጅነታችን የሰማነውን ተረት መረጠ። ዝናብ ጠፍቶ አራዊት ተሰብስበው ኃጢአታቸውን ይናዘዛሉ። አንበሳ በሬ በላሁ ይላል፤ ይማራል። ነብር ፍየል በላሁ፣ ጅብ ጥጃ በላሁ ይላሉ፤ እነሱም ይማራሉ። አህያ ጌታዬ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወራ ከዳር አንድ ጉንጭ ሣር ነጨሁ ስትል "በቃ፣ ዝናቡን ያስቀረችው እሷ ናት!" ተብሎ ትበላለች። ልጆቹ፣ ማን ይጠይቃቸዋልና፣ ሁሉም አህያ መሆን ነበር የፈለጉት። ምክንያት አላቸው፤ አህያ ታናፋለች፣ ትራገጣለች፣ አፈር ላይ ትንከባለላለች። አንበሳ ቁጭ ብሎ ከመናዘዝ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ማታውኑ ስልክ ተደወለ።

"ቲቸር፣ ልጄን አህያ አደረግከው አሉ?"

"አህያዋ እኮ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ናት፤ ታሪኩ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው።"

"ዋና ከሆነች ለራስህ ልጅ ስጣት! ነገ አክስቶቹ ሊያዩት ሲመጡ ምን ልበላቸው?"

ይህን ክብር ጠባቂነት ቀላል አድርጎ የሚያይ ታሪክ አያውቅም። የአገራችን የመጀመሪያ ተውኔት እየተባለ የሚጠቀሰው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ሥራ እኮ እንስሳትን ነው መድረክ ያወጣው። በእንስሳቱ ሽፋን የዘመኑን አስተዳደር ይሸረድድ ስለነበር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ያኔ የከፋቸው፣ ተውኔቱ ውስጥ ራሳቸውን ያዩ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ልጁን አህያ ሆኖ ያየ ወላጅ ይከፋዋል። እድገት ይሏችኋል ይሄ ነው፤ ቅሬታው ከቤተ መንግሥት ወርዶ ሕዝባዊ ሆኗል።

አባባ ተስፋዬም ቢሆኑ ዘመናቸው አመቻቸው። ልጆችን በቴሌቪዥን ተረት እያጫወቱ ከማሳደጋቸው በፊት፣ ሴት መድረክ ላይ በማትወጣበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር። እንኳን ያኔ የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አልኖረ። ቢኖር ኖሮ ዕለቱኑ ከመድረክ ወርደው፣ እኛም ያለ ተረት አድገን፣ አህያዋ ዋና መሆኗን የሚያስረዳን አናገኝም ነበር። ለነገሩ አሁንም ያስረዳን የለም።

ድርድሩ ሳምንት ፈጀ። አንዱ አባት በወንድሙ ልጅ በኩል አስላከ፤ አንዷ እናት ለመምህሩ ድፎ ዳቦ ይዛለት መጣች (ጥሩ ድፎ ነበር፣ ሁለት አንበሳ ያወጣል)። በመጨረሻም ከ14ቱ ልጆች 11ዱ አንበሳ፣ ሁለቱ ነብር፣ አንዱ ጅብ ሆኑ። ጅብ የሆነው፣ አባቱ ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ስለነበር ሳይደርስለት የቀረው ልጅ ነው። አህያ ጠፋ። አህያዋ ትሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ማን ይበላል የሚለው ጥያቄ መልስ ስላጣ፣ መምህሩ ራሱ አህያ እንዲሆን ወላጆች በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። አንድም የተቃወመ አልነበረም።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ስልኮች ከመጋረጃው ቀድመው ተነሡ። ታብሌት ያነሣ አንድ አባት ከኋላው ያሉትን ሦስት መደዳዎች ከቴአትሩ ገላገላቸው። 11 አንበሶች በየተራ "እኔ የአራዊት ንጉሥ ነኝ፤ በሬ በልቻለሁ" አሉ። ቃል እንዳይበላለጥ የሁሉም ንግግር አንድ ዓይነት ነው፤ በዚህም ላይ ስብሰባ ተደርጎበታል። አራተኛው አንበሳ ጋ ሲደርስ፣ ከቢጫ ክር የተሠራው ጋማው ተንሸራትቶ ዓይኑ ላይ ወደቀ። ልጁ በሁለት እጁ ጋማውን ከፍቶ እናቱን ፈለገ፤ ሲያገኛት ንግሥናውን ረስቶ እጁን አውለበለበላት። እናት ከስልኳ ጀርባ ሆና በጥርሷ "በሬ! በሬ በል!" አለችው። "ማሚ፣ ዛሬ አልበላሁም" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በዚያን ዕለት መድረኩ ላይ የተሰማው ትወና ይኸው ብቻ ነበር፤ እናቲቱ ግን ቪዲዮው ተበላሸ ብላ በድጋሚ እንዲናዘዝ ጠየቀች። ተናዘዘ።

ልጁ የጨረሰለት ወላጅ ደግሞ ልጁን ከመድረክ አንሥቶ ይወጣል፤ መንገዱ ሳይዘጋጋ። ወደ ማብቂያው ላይ አህያዋ በቀሩት ሁለት አንበሶችና በጅቡ ተበላች። ጅቡ በርትቶ ነው የበላት፤ መምህሩ ሸሚዙ ተቀዷል።

የምስክር ወረቀት ለ14ቱም ተሰጠ። 14ቱም "ምርጥ ተዋናይ" ናቸው።

ለመጪው ክረምት መምህሩ ሥራውን አውቆበታል ይባላል። አዲሱ ቴአትር ስለ አንድ ንጉሥ ነው፤ ዙፋኖቹ ከወዲሁ ለአናጺ ታዘዋል።