ማርኩን ሦስት ዓመት አቆዩት

በዋሽንግተን ዙሪያ ኤፕሪል ሲገባ የቡድን ሥራ አስኪያጅ ያልሆነ ሰው ማግኘት ይቸግራል። የከተማው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ የኮማንደርስ፣ ደጋፊ ሁሉ ስልኩ ላይ አንድ ዝርዝር አለው፤ ቡድኑ በመጀመሪያው ዙር ማንን መውሰድ እንዳለበት፣ በሁለተኛው ማንን፣ የትኛውን ተራ ለማን ሰጥቶ ምን መቀበል እንደሚበጀው። ሞክ ድራፍት ይሉታል። እውነተኛው ድራፍት፣ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች ተራ በተራ የሚመርጡበት፣ ከመድረሱ በፊት ደጋፊው በግምት የሚያካሂደው የራሱ ምርጫ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በሚገኙ የእኛ ሰዎች ቤቶች ደግሞ አንድ ሳሎን ውስጥ ሁለት ክርክር ይሰማል። አባት አርሰናል በዝውውር መስኮቱ ማንን መግዛት እንዳለበት ይሟገታል፤ እዚህ የተወለደው ልጅ የአንድ ኮሌጅ ተከላካይ ክንድ ስንት ኢንች እንደሆነ ይነግረዋል። አባትየው የክንድ ርዝመት ለምን እንደሚያስፈልግ ቢጠይቅ መልሱ እስከ እራት ይዘልቃል።

ልማዱን እወደዋለሁ። ሞክ ድራፍት ጊዜ ማባከኛ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ቅር የሚለኝ በድራፍቱ ማግሥት የሚሆነው ነው። በግምት የሠራናትን ያችኑ ዝርዝር እንደ ሚዛን አንሥተን ቡድኑን እንመዝንባታለን። እንደ ትምህርት ቤት ማርክ እንሰጣለን፤ ለዚህኛው ምርጫ ኤ፣ ለዚያኛው ሲ፣ ለሌላው ኤፍ። የተመረጠው ልጅ ገና አንድ ጨዋታ አልተጫወተም፣ መለያውን እንኳ የለበሰው ለፎቶ ነው።

የእንግሊዝን ኳስ ብቻ ለሚከታተል አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። በአሜሪካ ፉትቦል ከኮሌጅ የሚወጣውን ተጫዋች ሀብታም ክለብ ሄዶ አይገዛውም። 32ቱ ቡድኖች በሰባት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ቀድሞ የሚመርጠውም ባለፈው የውድድር ዘመን ከሁሉም የባሰው ነው። ሐሳቡን በ1935 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ያመጣው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል ነበር። በዚያ ዓመት ከሁሉም የባሰው ቡድን የራሱ ስለነበር ሰውየው ለቤቱም አስቦ ነው ሕጉን ያቀረበው። በ1936 ዘጠኝ ቡድኖች ፊላደልፊያ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው፣ 90 ያህል ስም ሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ የመጀመሪያው ድራፍት ተካሄደ። ኢግልስ ከሁሉ ቀድሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲውን ጄይ በርዋንገርን መረጠ። የዘመኑ የኮሌጅ ኮከብ እሱ ነበር፤ ማንም ዝርዝር ቢያወጣ አንደኛ ያደርገው ነበር። ኢግልስ መብቱን ለቺካጎ ቤርስ አሳለፈ፣ ከቤርስ ጋርም በገንዘብ ሳይስማሙ ቀሩ፤ በርዋንገር በሕይወቱ አንድም የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ጨዋታ ሳይጫወት ሌላ ሥራ ያዘ። የድራፍት ታሪክ የሚጀምረው እንግዲህ እንዲህ ነው።

ተራው ይሸጣል፣ ይለወጣል። ዕቁብ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የቸገረው ወይም የቸኮለው ዕጣ የወጣለትን ለምኖ፣ ላዩ ላይ ጨምሮ፣ ተራውን ይገዛዋል፤ ያልቸኮለው ጭማሪውን ተቀብሎ ኋላ ይወስዳል። ዕቁብ ላይ ግን የሚወጣው ብር ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። እዚህ የሚወጣው የ21 ወይም የ22 ዓመት ወጣት ነው፤ ስንት እንደሚያወጣ የሚታወቀው ከብዙ ወራት ልፋትና ከጥቂት የጉልበት ጉዳት በኋላ ነው።

በዋሽንግተን የ2012ን ድራፍት የሚረሳ ደጋፊ የለም። ቡድኑ ከስድስተኛ ወደ ሁለተኛ ተራ ለመውጣት፣ ያንን ስድስተኛውን ጨምሮ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችንና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ለሴንት ሉዊስ ራምስ ከፈለ። የመጣው የቤይለር ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛው ነበር፤ የኮሌጅ ፉትቦል ትልቁ ሽልማት የሃይዝማን ተሸላሚ፣ እንደ አጭር ርቀት ሯጭ የሚፈተለክ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች። ከተማው በደስታ አበደ። ከዚያ በአራተኛው ዙር 102ኛ ላይ ያው ቡድን ሌላ ኳርተርባክ መረጠ፤ ከሚሺጋን ስቴት ከርክ ከዝንስን። ደጋፊው ጭንቅላቱን ያዘ። ያን ያህል ተከፍሎበት የመጣ ልጅ እያለ፣ ስንት ቀዳዳ ያለበት ቡድን፣ አግዳሚ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ምርጫ ያባክናል? በማን ዝርዝር ላይ ነበር ይሄ?

ግሪፊን በዚያው ዓመት በማጥቃት በኩል ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፣ ቡድኑም ምድቡን አሸነፈ። በድራፍቱ ማግሥት ኤ የሰጠ ሁሉ ትክክል ነበር ማለት ነው፣ እስከ ጃንዋሪ 2013። ከሲያትል ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ያ ግሪፊን አልተመለሰም። በ2015 ቡድኑን እየመራ ምድቡን ያሸነፈው ያ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል የተባለው ከዝንስ ሆነ። መካከሉ ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል፣ የዋሽንግተንን ሰው ግን አያስቅም። በዲሴምበር 2014 ራምስ ሜሪላንድ ድረስ መጥተው ሊጫወቱ ሲሉ፣ ለሳንቲም መወርወሩ ሥነ ሥርዓት ስድስት አምበሎችን አሰልፈው ወደ ሜዳው መሐል ላኩ። ስድስቱም በግሪፊን ልውውጥ ካገኟቸው ምርጫዎች የመጡ ተጫዋቾች ነበሩ። 24 ለ 0 አሸንፈው ሄዱ።

ይህን የማነሣው የያኔውን ደጋፊ ለመውቀስ አይደለም። በኤፕሪል 2012 ጉልበት እንደሚበጠስ የሚያውቅ አልነበረም። ነገር ግን የከዝንስ ምርጫ «ኤፍ» የተባለው በምን ተለክቶ ነው? እኛ ከጠበቅነው ስለተለየ ብቻ ነው። የጠበቅነውን ደግሞ ከየት አመጣነው? ሌሎች ከጠበቁት።

መላው ችግር እዚህ ላይ ነው። ዛሬ አንድ ደጋፊ ስልኩን ከፍቶ የሞክ ድራፍት መጫወቻ ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው የስም ቅደም ተከተል የሌሎች ሞክ ድራፍቶች አማካይ ነው። መጫወቻው ተጫዋቹን 40ኛ አድርጎ ካስቀመጠውና ቡድኑ በ25ኛ ከወሰደው «ሪች» ይባላል፣ ያለ ዋጋው ተከፈለበት ማለት ነው። በ60ኛ ከወሰደው «ስቲል» ነው፣ በነፃ ተገኘ። በማን ዋጋ? በእኛው። ገምተን ገምተን ግምታችንን አማካይ አድርገን፣ አማካዩን የገበያ ዋጋ ብለን ሰየምነው፤ ከዚያ ቡድኑ በገበያው ዋጋ አልገዛም ብለን ጮህን።

በዚያ ላይ መጫወቻው ይሉኝታ አለበት። የፈለጉትን ልውውጥ ቢያቀርቡለት እምቢ ለማለት ያፍራል። ሁለት የኋላ ዙር ምርጫዎችና አንድ ያረጀ ተጫዋች ሰጥተው የሌላውን ቡድን የመጀመሪያ ዙር ይዘው ይወጣሉ፤ የሚፈልጉት ልጅ ደግሞ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል። እውነተኛው ሥራ አስኪያጅ ስልክ ሲደውል ግን በዚያኛው ጫፍ የሚያነሣው ሰው ሥራውን ላለማጣት የሚታገል ነው። የኮማንደርሱ ጀነራል ማናጀር አዳም ፒተርስ የሚነግደው ከእነዚህ ጋር ነው። ልጆቻችን በስልካቸው ያገኙትን ምርኮ ይዘው «ለምን እሱ አላደረገውም?» ሲሉ መልሱ ቀላል ነው፤ እሱ የሚነግደው ከሰው ጋር ነው።

በ2025ቱ ድራፍት ግሪን ቤይ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ሺዱር ሳንደርስን ብዙ የባለሙያ ዝርዝሮች በመጀመሪያው ዙር አስቀምጠውት ነበር። የቀድሞው ታላቅ ተጫዋች የዲዮን ሳንደርስ ልጅ፣ ስሙ ቤት የገባ ኳርተርባክ። የመጀመሪያው ቀን አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፤ ክሊቭላንድ ብራውንስ በአምስተኛው ዙር 144ኛ ላይ ወሰደው። ያውም በሦስተኛው ዙር ዲሎን ጋብሪኤል የተባለ ሌላ ኳርተርባክ ከመረጠ በኋላ። ለሦስት ቀን በቴሌቪዥን «ወደቀ፣ ወደቀ» ሲባል ዋለ። ከየት ነው የወደቀው? ኤንኤፍኤል ውስጥ ከፍ ብሎ ተቀምጦ አያውቅም፤ ከፍ ያደረገው የእኛ ሰንጠረዥ ነው። ሠላሳ ሁለት ቡድኖች እየደጋገሙ አልፈውት ሳለ የተሳሳተው ሰንጠረዡ ሊሆን ይችላል ብሎ ለመጠየቅ ብዙ ሰው አልደፈረም። ልጁ ኋላ ምንም ይሁን ምን፣ ያ ምሽት ለአንድ ወጣት ከባድ ነበር፤ ያከበደውም በከፊል እኛ በግምት የሰቀልነው ከፍታ ነው።

ቡድኖቹስ ያውቃሉ ወይ? ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። በ1994 የኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ሰው ቢል ቶቢን በአምስተኛ ተራ ትሬቭ አልበርትስን መርጦ፣ የስፖርት ቴሌቪዥኑ የኢኤስፒኤን ተንታኝ ሜል ካይፐር ኳርተርባኩን ትሬንት ዲልፈርን ባለመውሰዱ ሲያብጠለጥለው፣ በቀጥታ ስርጭት ተቆጥቶ ጎረቤቴ ፖስታ አዳይ ነው፣ ካይፐር ከሱ የበለጠ ምን ሙያ አለው ብሎ መለሰ። አልበርትስ ከጉዳት ጋር ሲታገል ሦስት ዓመት ተጫውቶ አቆመ። ዲልፈር በሌላ ቡድን የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ያሸነፈ ኳርተርባክ ሆነ። ፖስታ አዳዩ ምን ያስብ እንደነበር የጠየቀው የለም።

ተመራማሪዎቹ ኬድ ማሴይና በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴይለር ድራፍቱን አጥንተው ያገኙት ነገር ለሥራ አስኪያጆቹም አያኮራም። ቡድኖች ለላይኛው ተራ ከሚገባው በላይ ይከፍላሉ፤ በአንድ ቦታ ከሚጫወቱ ሁለት ልጆች ቀድሞ የተመረጠው ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ የመሆኑ ዕድል ከግማሽ ብዙም ፈቀቅ አይልም። ጥቅሙ ያለው ወደ ኋላ ወርዶ ብዙ ምርጫ በመሰብሰብ ላይ ነው። ከ2012ቱ ዋሽንግተን ተቃራኒ ማለት ነው። እንግዲህ ባለሙያው ራሱ ሳንቲም ከመወርወር ብዙ ካልራቀ፣ ደጋፊው ዝርዝር በመሥራቱ የሚሳቅበት ምክንያት የለም። በማግሥቱ በእርግጠኝነት ማርክ ለመስጠት ግን ጭራሽ ምክንያት የለም።

ሞክ ድራፍት የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ዝርዝር ሲሠራ ሳያውቀው የቡድኑን ጎዶሎ ይማራል። ኮከብ ብቻ ሲመርጥ የኖረ ልጅ ቀስ በቀስ ስማቸውን ማንም የማይጠራው፣ ከኳርተርባኩ ፊት ቆመው ጡጫ የሚቀበሉት ግዙፎች ከሌሉ ኮከቡ ሆስፒታል እንደሚገባ ይገባዋል። በ2025 ብዙ የዋሽንግተን ደጋፊ በ29ኛው ተራ የባላንጣን ኳርተርባክ የሚያሳድድ ተከላካይ ሲጠብቅ፣ ፒተርስ ከኦሬገን ጆሽ ኮነርሊን፣ አንዱን ግዙፍ፣ ወሰደ። ሌላውን ግዙፍ ላረሚ ተንስልን ቀደም ብሎ ከሂዩስተን በልውውጥ አምጥቶ ነበር። የተበሳጩ ነበሩ። ምርጫው የገባቸው ግን ለዓመታት ዝርዝር ሲያወጡና ሲሰርዙ የኖሩት ናቸው፤ ጄይደን ዳንኤልስ ካልተጠበቀ ሌላው ሁሉ ከንቱ መሆኑን በገዛ ልምምዳቸው ደርሰውበታል።

ስለ ዳንኤልስ ካነሣን፣ የ2024ቱ ክርክር ለእኔ ከሁሉ የጣፈጠው ነው። አንደኛው ተራ የቺካጎ ነበር፤ ቺካጎም የዋሽንግተኑን ተወላጅ፣ እዚሁ ጎንዛጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረውን ኬለብ ዊልያምስን ወሰደ። ለእኛ ሁለተኛው ተራ ቀረ። ዳንኤልስ ወይስ ድሬክ ሜይ? ክርክሩ በየቤቱ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ በሚጠብቁ ሹፌሮች መካከል ሳይቀር ነበር። ቡድኑ ዳንኤልስን መረጠ፤ ሜይ በሦስተኛው ወደ ኒው ኢንግላንድ ሄደ። ኦክቶበር 27 ቀን ዳንኤልስ ከዊልያምስ ቤርስ ጋር ሲጫወት በመጨረሻዋ ሰከንድ ወደ ሰማይ የወረወራት ኳስ ከሰው እጅ ላይ ነጥራ ኖዋ ብራውን እጅ ገባችና ጨዋታው በዋሽንግተን 18 ለ 15 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። በቀደመው ዓመት አራት ብቻ ያሸነፈው ቡድን 12 አሸንፎ ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ እስከሚቀረው የኮንፈረንስ ፍጻሜ ደረሰ። «ክርክሩ ተዘጋ» ተባለ። በ2025 ዳንኤልስ በጉዳት ብዙ ጨዋታ አመለጠው፣ ሜይ ደግሞ ኒው ኢንግላንድን ከታች ወደ ላይ አወጣው፤ ክርክሩም ተከፈተ። ዳንኤልስ ትክክለኛ ምርጫ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ፤ ግን ከዚህ ልጅ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የመጨረሻ ፍርድ የሰጡ ሰዎች በሦስተኛውም ጊዜ ማርከር ይዘው ሲቀርቡ ደስ አይለኝም።

ስለዚህ ሐሳቤ ተግባራዊ ነው። ዝርዝራችሁን ሥሩ፤ ቀን ጻፉበት፤ ለምን ያንን ልጅ እንደመረጣችሁ ሁለት መስመር ጨምሩበት። ከድራፍቱ በኋላ ቡድኑ ለምን ሌላ እንደመረጠ ጠይቁ፣ ተከራከሩ፣ ተናደዱም። ማርኩን ግን ሦስት ዓመት አቆዩት። የ2024ቱ ዝርዝር በዚህ ስሌት የሚከፈተው በ2027 ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ድራፍቱ የሚካሄደው እዚሁ ዋሽንግተን፣ ናሽናል ሞል ላይ ነው። በ2024 ዲትሮይት በሦስት ቀን ከ775 ሺህ በላይ ሰው ስላስተናገደ፣ ከተማችን ውስጥ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወገኖች ያንን ሳምንት ከወዲሁ መያዝ ይበጃችኋል፤ የሚዘጋው መንገድ ብዙ ነው፣ ተሳፋሪው ግን ከዚያ የበለጠ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ሰው ስለ ዳንኤልስና ስለ ሜይ ማንሣቱ አይቀርም። የ2024ቱን ዝርዝር ያስቀመጠ ልጅ ያለው ሹፌር ቅጂውን ይዞ ቢወጣ አይከፋም።