የፓርኪንጉ ቦታና የአክስቴ ግቢ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተሳፋሪ ዋሽንግተን መሀል፣ ሲቲ ሴንተር ዲሲ የሚባለው ቦታ አደረስኩ። የቅንጦት ዕቃ የሚሸጠው ኤርሜስ መደብር በር ላይ ወርዳ ገባች። እኔ ግን መኪናውን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ያንን መሬት አውቀዋለኋ! አሜሪካ እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ እዚያ ፓርኪንግ ላይ ቆሞ ትኬት መቁረጥ ነበር።

መሬቱ ላይ የነበረው የድሮው የከተማው የስብሰባ ማዕከል በ2004 እ.ኤ.አ. በፈንጂ ፈረሰ። ከዚያ ከዋይት ሀውስ በእግር የሚደረስ አራት ሄክታር ገደማ መሬት ዓመታት ሙሉ አስፋልት ሆኖ ተቀመጠ። ግንባታው የተጀመረው በ2011 ነው። ዲዛይን፣ ውይይት፣ ከዚያ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ፣ ከዚያ የኳታር ገንዘብ። ብርዱ እግሬን እየበላኝ "እነዚህ ሰዎች ምን ይጠብቃሉ? አገር ቤት ቢሆን በአንድ በጋ ያልቅ ነበር" እል ነበር። አፌን በቆረጠው!

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አክስቴ ደወሉ። ዶሮ ማነቂያ ነው ዕድሜያቸውን የኖሩት። "ልጄ፣ ዕቃ እያሰርን ነው" አሉኝ። መቼ ተነገራችሁ ብል፣ የሳምንታት ጉዳይ ነው። እኔ የቆምኩበት አስፋልት እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ተሰጥቶታል።

እሺ፣ ንጽጽሩ ልክ አይደለም። እዚህ የተነሳው መኪና ነው፣ እዚያ ሰው። ግን እኮ እሱ ነው የሚያበሽቀኝ።

አሁን ቦታው ላይ ታች ሱቅ፣ ላይ ቢሮና መኖሪያ፣ መሀል መተላለፊያ ሠርተውበታል። ሚክስድ ዩዝ ይሉታል፤ በኛ ቅይጥ አገልግሎት። እንደ አዲስ ግኝት ነው የሚያወሩት። የአክስቴ ግቢ ምን ነበር ታዲያ? በመንገዱ በኩል ልብስ ሰፊ፣ አጠገቡ ሱቅ፣ ከኋላ የእሳቸው የእንጀራ ምጣድ፣ በሚንቋቋው የእንጨት ደረጃ ሲወጣ መኝታ ቤት። ከዚህ በላይ ቅይጥ ከየት ይምጣ? አርክቴክት ብቻ ነው የጎደለው። (የሲቲ ሴንተሩን ፕላን የሠራው የእንግሊዙ ፎስተር ቢሮ ነው።)

አክስቴ ምትክ ቤት ገላን ጉራ ደርሷቸዋል። እውነቱን ልናገር፣ ሽንት ቤቱን ወደውታል። ለስንት አባወራ አንድ የነበረበትን ጊዜ ማንም አይናፍቅም። "ደንበኞቼ ግን አብረውኝ አልተዛወሩም" ይላሉ። እንጀራውን ማን ከፒያሳ ድረስ መጥቶ ይግዛ?

እዚህ መሬቱ የከተማው ስለሆነ ከ458ቱ የኪራይ አፓርትመንቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ተመድቧል። ይህን ስሰማ ቀናሁ። ኤርሜስ ራስ ላይ ዝቅተኛ ደሞዝተኛ ይኖራል! እርግጥ ታች ወርዶ የሚገዛው ነገር የለም። እኔም አንድ ቡና ጠጥቼ ሰባት ዶላር ከፍያለሁ፤ ጀበና አይደለም፣ ወረቀት ኩባያ። ስመለስ መስታወቴ ላይ የቅጣት ወረቀት ተለጥፏል። በገዛ ፓርኪንጌ!

ማታ የመተላለፊያውን ፎቶ ለአክስቴ ላክሁላቸው። ታች ሱቅ፣ ላይ መስኮት በመስኮት። ቆይተው ደወሉ።

"ያምራል" አሉ። "ልብሳቸውን የት ነው የሚያሰጡት?"