ሞላላ መስታወት ያላት ቮልስ የሂትለር ዘመን አይደለችም
ወንድሜ፣ «የኋላ መስታወቷ ሞላላ ስለሆነ ቮልሷ የሂትለር ዘመን ናት» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ስህተት ነው። ሞላላው መስታወት የመጣው በፈረንጆቹ ማርች 1953 ነው፤ በ1957 ደግሞ በሰፊው አራት ማዕዘን ተተካ። ከሞላላው በፊት የነበረው መሃሉን በብረት ለሁለት የተከፈለው ነው። እሱም ቢሆን ብቻውን የሂትለርን ዘመን አያረጋግጥም። ያኔ በሳምንት 5 ማርክ እየቆጠቡ መኪናዋን ሲጠብቁ ከነበሩት ጀርመኖች ለአንዳቸውም አልደረሰቻቸውም፤ ፋብሪካው ወደ ጦር ሥራ ዞረ። ለሕዝብ በብዛት መመረት የጀመረችው ከጦርነቱ በኋላ፣ በእንግሊዞች አስተዳደር ሥር ነው። ደግሞ ዓመቷን በሞተር ቁጥር አትወስን፤ ሞተር ስንቴ ይቀየራል! የኋላ መቀመጫውን አንሳና ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር አንብብ።