የመንደር ውል በሁለት አገር ዳኛ ፊት

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ የቆየ ወዳጄ በስልኩ ያነሣውን የአንድ ወረቀት ፎቶ ከፍቶ አሳየኝ። ወንድሙ በውክልና የገዛለት የአዲስ አበባ ቤት የሽያጭ ውል ነው። ሻጩ ፈርሟል፤ ሦስት ሽማግሌዎች በምስክርነት ፈርመዋል፤ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል። የጎደለው የውልና ማስረጃ ማኅተም ብቻ ነው። ቤት ሲወደድ ሻጩ «ውሉ አልተመዘገበምና ይፍረስልኝ» ብሎ ከሰሰ። «እዚህ አገር ቢሆን ኖሮ ዳኛው በሕጉ መሠረት ይፈርድልኝ ነበር» አለኝ ወዳጄ በምሬት።

ይህን አባባል ከእኛ ሰው አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። በቃሉ ከተሄደ ተሸናፊው ወዳጄ ነው። በመጨረሻ ፍርዶች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖር አለመኖሩን የሚመረምረው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በውሳኔዎቹ መድበል ቅጽ 4 በታተመው የመዝገብ ቁጥር 21448 ውሳኔው ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ሲተረጉም ይህንኑ ቃል ተከትሏል። አሜሪካም ብትሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1677 ከወጣው የእንግሊዞች ሕግ በወረሰችው ደንብ መሠረት፣ የመሬትና የቤት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ትጠይቃለች። ሆኖም ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቤቱን ተረክቦና አድሶ ከተገኘ፣ የብዙዎቹ ግዛቶች ዳኞች ሻጩ በሕጉ ተከልሎ እንዲያታልል አይፈቅዱለትም። ወዳጄ የናፈቀው እንግዲህ ከሕጉ ቃል ፈቀቅ የሚለውን ዳኛ ነው።

የእኛም ችሎት ፈቀቅ ብሎ ያውቃል። ከዚያ በኋላ በሰጣቸው ውሳኔዎች ሻጩ መሸጡን እስካልካደ ድረስ የምዝገባ ጉድለት ብቻውን ውሉን እንደማያፈርሰው የተቀበለባቸው አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ መለወጡ አይደለም፤ የአለዋወጡ ዝምታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ማሰር ጀመረ። ታዲያ አንድ የወረዳ ዳኛ ሁለት የማይገጥሙ ቅጾችን ይዞ የቱን ይከተል? አዋጅ ቁጥር 1234/2013 አስገዳጅ ትርጉምን የመለወጡን ሥራ ከሰባት ላላነሱ ዳኞች መስጠቱ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ተገቢ እርምጃ ነው።

እዚህ ያለሁበት አገር ፍርድ ቤትም ከስሕተት የጸዳ አይደለም። እኛ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት በ1896፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭን በባቡር ፉርጎ መለየት ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈርዷል። ዳኛ ሃርላን ብቻቸውን ተቃውመው የልዩነት ሐሳባቸውን በዝርዝር ጻፉ። ከ58 ዓመት በኋላ ያው ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች ጉዳይ በሙሉ ድምፅ ያንን መንገድ ሲተው፣ የቀድሞውን ትርጉም በስም ጠርቶ ነው ያልተቀበለው።

ወዳጄን አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ «ሰውየው በክሱ ላይ ቤቱን መሸጡን አምኗል ወይስ ክዷል?» አላነበበውም ኖሯል። ፎቶውን ዘግቶ፣ አዲስ አበባ ሌሊት መሆኑን ረስቶ፣ ወደ ወንድሙ ደወለ።