ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ለምን ተናናቅን?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ጥቂት ሰዎች ከአንድ የክርስትና ድግስ በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ለብዙ ዓመታት ታክሲ የነዳ አንድ ጓደኛችን በ2005 እ.ኤ.አ. የተነሣውን የስያሜ ጉዳይ አነሣ። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በዩ ስትሪት አጠገብ ያለው የዘጠነኛው ጎዳና ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲጠራ ሲጠይቁ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጥሟቸው ነበር። «ሎስ አንጀለስ በ2002 ይህንኑ ስም ለፌርፋክስ መንገድ ሰጥታለች» አለ፤ «እዚህ የተቃወሙን ግን እንደ እኛው ጥቁር የሆኑ ሰዎች ናቸው። ማንም ዞር ብሎ በማያየው ሰፈር ሱቅ ከፍተን መብራት ያበራነው እኛ አይደለንም? ይህ ምቀኝነት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?»

በሆስፒታል በነርስነት የኖረች፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት ግን ይህን አልተቀበለችም። ያ ሰፈር መሐል ከተማው ለጥቁሮች በሩን በዘጋበት ዘመን የራሳቸውን ቲያትር ቤትና ባንክ ያቋቋሙበት፣ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተንም ያደገበት እንደነበር፣ በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በተነሣው ሁከት እንደተቃጠለና ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያለው ሁሉ ፊቱን እንዳዞረበት አስረዳች። «እኛን የጠቀመን የኪራይ ርካሽነት የመጣው ከእነሱ ጉዳት ነው። ወደዚህ አገር የገባነውም እነሱ በከፈቱት በር ነው፤ ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በፊት ለኢትዮጵያ የተፈቀደው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሕግ የወጣው ደግሞ እነሱ ለመብታቸው ሲታገሉ በነበረበት ወቅት ነው» አለች።

ሹፌሩ በዚህ አልተረታም። በሥራው ላይ ሽጉጥ ተደቅኖበት እንደተዘረፈ፣ በእንግሊዝኛው እንደተሳቀበት፣ «ወደ አገርህ ሂድ» የሚለውን ቃል ከነጭ ይልቅ ከጥቁር አሜሪካዊ አፍ ደጋግሞ እንደሰማ በምሬት ተናገረ። ሕመሙ እውነተኛ ስለነበረ ለጊዜው ማንም መልስ አልሰጠውም።

በሒሳብ ሥራ የሚተዳደር ሌላ ሰው ነገሩ ሁሉ የጥቅም ሽሚያ ነው የሚል አቋም ያዘ። በ1991 በሎስ አንጀለስ አንዲት የ15 ዓመት ጥቁር ልጅ በአንድ ጠርሙስ የብርቱካን ጭማቂ ምክንያት በኮሪያዊት ባለሱቅ ተተኩሶባት እንደሞተች፣ ገዳይዋም ጥፋተኛ ከተባለች በኋላ የእስር ቅጣቷ ታግዶላት እንደቀረች፣ በማግሥቱ ዓመት ከተማዋ በሁከት ስትነድ ከ2,000 በላይ የኮሪያውያን ሱቆች እንደወደሙ ወይም እንደተዘረፉ አስታወሰ። እንደ እሱ አባባል ሁለቱ ድሆች የሚገናኙት በሱቅ ባንኮኒ ግራና ቀኝ ብቻ ከሆነ ገዢው ባለሱቁን እንደ በዝባዥ፣ ባለሱቁም ገዢውን እንደ ሌባ ያየዋል፤ ብድር የሚከለክለውንና ፍርድ የሚያጓድለውን ሁለቱም በቅርብ ስለማያገኙት ቁጣቸውን በአጠገባቸው ባለው ሰው ላይ ይወጣሉ።

«ታዲያ እኔ ሱቅ አልነበረኝም» አለች እዚሁ ያደገች ወጣት። «በትምህርት ቤት በረሃብ ያሾፉብኝ የነበሩት ጥቁር ልጆች ናቸው። ቤት ስገባ ደግሞ ‹ከእነሱ ጋር እንዳትውዪ› እባል ነበር። ጋሼ፣ የእርስዎ ዝርፊያ እኮ ከመድረሱ በፊት ነው ይህን የሰማሁት።» እትዬ ይህን ስትሰማ፣ ንቀቱን ከአገር ቤት ይዘነው እንደመጣን በግልጽ ተናገረች፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. መሆኑን፣ በቆዳው ጥቁረትና በአፍንጫው ቅርጽ ሰውን የምናንቅበት ልማድ ግን በብዙ ቤት አለመሻሩን ጠቅሳ።

እኔ በዚህ ክርክር ከእትዬ ጋር ነኝ። የጥቅም ሽሚያ በ2005 ጠቡ ለምን በዚያ ጎዳና ላይ እንደተነሣ በሚገባ ያስረዳል፤ የቤት ዋጋ ንሮ ነባሩ ነዋሪ ከሰፈሩ እየተገፋ በነበረበት ሰዓት የሌላ ሕዝብ ስም በመንገዱ ላይ ይለጠፍ መባሉ የእሱን ታሪክ እንደመፋቅ ቢሰማው አይፈረድበትም። ሆኖም ንቀቱ ከትውውቁ ቀድሞ የሚደርስበትን ምክንያት ሽሚያ ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። ጥቁር መሆን በሚያዋርድበት አገር የገባ እንግዳ «እኔ ከእነሱ አይደለሁም» ማለት እንደሚያዋጣው ፈጥኖ ይማራል፤ አሠሪው «እናንተ እንደ እነሱ አይደላችሁም» ሲለውም እንደ ክብር ይቀበለዋል። እኛ ይህን ለመማር አልተቸገርንም፤ ግማሹን ከቤታችን እናውቀው ነበርና። ነገር ግን ይህ ልዩነት ከሞት አያድንም፤ በ1999 በኒውዮርክ አራት ፖሊሶች 41 ጥይት የተኮሱበት አማዱ ዲያሎ መሣሪያ ያልያዘ የጊኒ ስደተኛ ነበር፤ ተኳሾቹም በነጻ ተለቀዋል። በእኛ ላይ የሚያሾፈው ጥቁር ልጅም ቢሆን ከእሱ በታች የሚሆን ሰው መፈለጉ ነው፤ የዚያን ልጅ ስድብ ግን ትክክል ነው ብዬ አላልፈውም።

ስለ ሹፌሩ የምለው አለኝ። የደረሰበትን በደል አልክድም። ነገር ግን በዚያው ምሽት አንድ አበሻ በዕቁብ ገንዘብ እንዴት እንደካደው ሲያጫውተን «ያ ሰውዬ» እያለ ነበር፤ የዘራፊው ነገር ሲነሣ ግን «እነሱ» አለ። በሁለቱም ጊዜ የበደለው አንድ ሰው ነው።