ስለ ምራቂ የቀረበ ምስጋና

ብርድ ነገርን እንደሚያኮማትር በትምህርት ቤት ተምረናል። ስለዚህ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው ደብረ ብርሃን፣ የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ነጭ አልብሶ በሚያድርበት ጠዋት፣ የወተት ሊትር ትንሽ ሰብሰብ ብሎ ቢገኝ ጥፋቱን በሰው ላይ ማላከክ ግፍ ነው። እኔን የሚገርመኝ በግንቦት ፀሐይም ተመልሶ አለመዘርጋቱ ብቻ ነው።

እኔ በምገዛበት ደጃፍ ያለው መለኪያ የቆርቆሮ ጣሳ ሲሆን ጆሮው በሽቦ ታስሯል፤ ቂጡ ደግሞ በስንት ዘመን መንኳኳት ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ እንቁላል ጉብ ብሏል። ሻጯ ከቢዶኑ ወደ ጣሳው የምትቀዳው ከከፍታ ነውና አረፋው አፉ ላይ እንደ ተነደፈ ጥጥ ይቆማል፤ አረፋም የወተት ወገን ስለሆነ ከሊትሩ ይቆጠራል። ጣሳውን ወደ ዕቃዬ ከገለበጠች በኋላ ግን መላው አገር የሚያውቀው ቸርነት ይመጣል፤ ጣሳዋን መልሳ ነከር ታደርግና አንድ ጉንጭ የማትሞላ ወተት ጨምራ “ይቺ ምራቂ ናት ጋሼ” ትለኛለች። እኔም ባርኔጣዬን አንሥቼ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ በረትዎ ይሙላ” እላለሁ። ከገዛ ሊትራችን ላይ የጎደለችውን ጠብታ እንደ ስጦታ ተቀብሎ የሚመርቅ ሕዝብ፣ እንግዳ ተቀባይነቱ እስከ ገዛ ንብረቱ የደረሰ ነውና ሊኮራ ይገባዋል።

ይህ ሥርዓት ሸማቹን ብቻ የጠቀመ እንዳይመስላችሁ። ከጫጫም ሆነ ከሸኖ በኩል ማለዳ ወተቱን በአህያ ጭኖ ወደ አስፋልቱ የሚወጣው ገበሬ የሚገናኘው ከሌላ ሊትር፣ ወተቱን ከሚረከበው ነጋዴ ሊትር ጋር ነው፤ ይኸኛው ሆደ ሰፊ ነው፣ እስከ አፉ ጢም ካላለ ሞላ አይባልም፣ አረፋውም እፍ ተብሎ ይነሣለታል። አረፋ ሲገዛ ባዕድ፣ ሲሸጥ ዘመድ የሚሆንበትን ምክንያት የጠየቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንዱ ሊትር ሲገዛ ወፍሮ ሲሸጥ መክሳቱን፣ ሁለቱም ግን በአንድ ስም መጠራታቸውን የሚያስተውል ሰው፣ ፈረንጆች ሊትርን አንድ ብቻ አድርገው ድሃ እንዳስቀሩት ይረዳል።

ገበሬውም በበኩሉ የዋዛ አይደለም። ወተት ከመቶው 87 ያህሉ ውኃ መሆኑን ላሚቱ ራሷ ስለምታውቅ፣ እርሷ የጀመረችውን እርሱ ከወንዙ ትንሽ ቢያክልበት ሥራዋን አገዘ እንጂ ምን በደለ? ይህን ለመያዝ ላክቶሜትር የሚባል የመስተዋት ተንሳፋፊ መጥቷል፤ ውኃ 1 በሚሆንበት የክብደት ልክ ደኅና ወተት በላዩ ከ1.026 እስከ 1.032 ሲያሳይ፣ ውኃ የገባበት ወተት ግን ቀጥኖ ተንሳፋፊውን ወደ ታች ይሰደዋል። ብልህ ሰው ግን አስቀድሞ ስቡን ይገፍፋል። ስብ ቀላል ነገር ነውና ሲወጣ የቀረው ወተት ይከብዳል፤ ከዚያ ውኃው ሲጨመር ቁጥሩ ተመልሶ ልኩ ላይ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ገዢው ስቡንም ወተቱንም ተነጥቆ የምስክር ወረቀት ያለው ውኃ ይጠጣል። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰው ወተቷን ለማየት አልታደለም፤ እኛ ግን ወተቱን አይተን፣ በወተቱ ውስጥ አሳልፈን የብርጭቆውን ማዶ እናያለን።

መንግሥትም ዝም አላለም። አገሪቱ የመለኪያ ሕግ ካወጣች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የሸማቾች ጥበቃ የሚል ስም የያዘ አዋጅ ቁጥር 813 ተጨምሮበታል። የወተት ዕቃ ሁሉ መጠኑ ተወስኖ፣ ተፈትሾና ማኅተም ተመትቶበት ይውጣ የሚል ወሬም አልፎ አልፎ ይነሣና እንደ አረፋው ይተኛል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያየሁት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ የመጣው ዓርብ ቀን ነበር። ሰፈሩ ጾመኛ በመሆኑ ወተት አልወጣም፤ ጣሳውም ታጥቦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። እንግዲህ በዚያ ቀን አንዲት ጠብታ እንኳ አጉድሎ የሸጠ እንዳልነበረ በሙሉ ልብ መመስከር ይቻላል።

እኔም አንድ ቀን ሰይጣን አሳስቶኝ የገዛሁትን “አንድ ሊትር” በልጃችን ጡጦ ለካሁት፤ ጡጦው ባለ 250 ሚሊ ሊትር ነው። ሦስቴ ሞላ፣ አራተኛው 110 ላይ ቆመ፤ ምራቂዋም እዚያው ውስጥ ናት። የጎደለው 140 ሚሊ ሊትር በሠላሳ ቀን ግዢ ሲሰላ 4 ሊትር ከ200 ስለሚሆን፣ ባለቤቴ “ሰው ሰላምታ እንዳይነሣህ ይህን ለማንም እንዳትናገር” ብላ ጡጦውን ነጠቀችኝ።

በማግስቱ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደጃፉ ደርሶ ኖሮ፣ ሻጯ ዝም ብላ ቀዳችልኝና ጣሳዋን አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ጊዜ ነከር አድርጋ ጨመረችልኝ። ጡጦው ኪሴ ውስጥ ነበር። ባርኔጣዬን አነሣሁና “እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ” አልኋት።